ኪስን ሳይነኩ ማድነቅ

ጎንደር ሥዕል አታውቅም የሚል ደፋር ቢገኝ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስገብቶ ቀና በል ማለት ይበቃል። ከጣሪያው ላይ በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩት ክንፋም ፊቶች ምላሹን ይሰጡታል። ሥዕልን ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰን፣ በቅዳሴ መካከል እንኳ ዓይናችንን ከጣሪያው መንቀል አቅቶን ያደግን ሕዝብ ነን። ይህ ፍቅራችን በዘመናችን ምን ያህል እንደመጠቀ ማየት የፈለገ ግን፣ ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ አንድ ወጣት ሠዓሊ በከፈተው አውደ ርዕይ ላይ መገኘት ነበረበት። ለሽያጭ የቀረቡት ሥዕሎች በሙሉ ተደንቀዋል፤ በሙሉ ፎቶ ተነሥተዋል፤ በሙሉም ወደ ሠዓሊው ቤት ተመልሰዋል ማለት ይቻላል። ሥራን ከሠራው ሰው ላለመነጠል ይህን ያህል የሚሳሳ ተመልካች በሌላ ከተማ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ሥዕሎቹ መቼም የዋዛ አልነበሩም። በአንደኛው ላይ የፋሲል ግንብ እግር አውጥቶ፣ ማማዎቹን ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ውኃ ሊጠጣ ወደ ጣና ይወርዳል። በሌላው የደብረ ብርሃን መላእክት ከጣሪያቸው ወርደው፣ ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ ወደ አዘዞ በምትበር ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ቅሬታ ስለሚነበብ ሹፌሩ የክንፋቸውን ሒሳብ ለብቻ የጠየቃቸው ይመስለኛል። የፋሲለደስን መዋኛ ግንብ ጨምድደው የያዙት የዛፍ ሥሮችም በሦስተኛው ሥዕል ላይ የሰው ጣት አብቅለው የብራና መጽሐፍ ሲገልጡ ይታያሉ። በጥቁር ቀለምና በቀጭን ብዕር በወረቀት ላይ የተሣሉ ትንንሽ ሥራዎችም ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው ግርጌ ዋጋቸው በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ጎብኚው ሁሉ ይህችን ወረቀት ከሥዕሉ አስቀድሞ ስላነበባት ሥዕሉን ያየው በፈጠጠ ዓይን ነው፤ የጣሪያው መላእክት ዓይን ለማን እንደተላለፈ በዚህ ታወቀ።

በቅድሚያ ሊመሰገኑ የሚገባቸው የዋጋ ሊቃውንቱ ናቸው። አንድ ከረባት ያሰሩ ሰው እግር ካወጣው ግንብ ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲያበቁ፣ «ወንድም ዓለም፣ ይኼ ስንት ቀን ፈጀብህ?» ብለው ጠየቁ። ሠዓሊው ሦስት ሳምንት እንደፈጀበት ሲነግራቸው ስልካቸውን አውጥተው ዋጋውን ለቀናቱ አካፈሉና፣ ግንበኛ እንኳ በቀን ይህን እንደማያገኝ፣ ግንበኛው ደግሞ የሚሠራው እውነተኛ ግንብ እንደሆነ በትሕትና አስረዱት። ሌላው ሊቅ የሸራውን፣ የአክሪሊክ ቀለሙንና የፍሬሙን ዋጋ በየተራ ጠይቀው ደመሩ፤ ከድምሩ በላይ የተጻፈው ገንዘብ ሁሉ ለምናብ የተጠየቀ መሆኑን ደረሱበት። ምናብ ከነጋዴ በደረሰኝ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ ሠዓሊው በነፃ ያገኘውን ነገር በነፃ ቢያሳልፈው ምንም እንደማይጎድልበት ማንም ያየዋል። ግንቡን እግር እንዲያወጣ ያሰበው ጭንቅላት በየወሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል መሆኑ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ የሊቃውንት ሒሳብ ጥራቱም እዚህ ላይ ነው።

የዝምድና ክፍሉም አልተጓደለም። አንዲት እናት የባጃጇን ሥዕል በዓይናቸው ለክተው ከሳሎናቸው ሶፋ ጋር እንደምትሄድ ካረጋገጡ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ እናትህን የማውቃት ገና አንተ ሳትወለድ ነው፤ ለእኔም ትሸጥልኛለህ?» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ፣ «እማማ፣ እንግዲህ እንነጋገራለን» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ለመታወቅ የሚያግዙትም ነበሩ። እነዚህ ቸር ሰዎች ቤታቸው እንግዳ እንደማይጠፋበት፣ ሥዕሉ ከሳሎናቸው ከተሰቀለ ስሙ ከአዘዞ እስከ ማራኪ እንደሚናኝ፣ ስለዚህም ገንዘቡን ትቶ ስሙን ቢይዝ እንደሚያተርፍ መክረውታል። አከራዩም ስም የሚቀበሉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ባለቀ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ሐውልት የሚገባው ከአውደ ርዕዩ በቀጥታ ወደ ባነር ቤት ለሚሄደው ወገናችን ነው። ይህ ሰው ሥዕሉን ፊት ለፊት ቆሞ፣ መብራት እንዳያንጸባርቅበት ጎንበስ ቀና እያለ፣ ሠዓሊውንም «እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» ብሎ ከገዛ ሥራው ፊት ገለል አድርጎ ፎቶ ያነሣል። ባነር ቤት ሲደርስ ሥዕሉ በካሬ ሜትር ተለክቶ ይታተምለታል፤ ጠርዙ ላይ ያለችው የሠዓሊው ፊርማ ከታየች፣ ውበት እንዳታበላሽ ትቆረጣለች። ለሬስቶራንት ግድግዳ ከተፈለገ ደግሞ ግንቡ ላይ የቢራ ጠርሙስ ይጨመርበታል። ሠዓሊው በሦስት ሳምንት ያደረሰውን እርሱ በሦስት ሰዓት አድርሷልና፣ ያ የከረባቱ ሰውዬ ሒሳብ እዚህ ላይ ቢሠራ ማን ባለሙያ እንደሆነ ግልጽ ይሆን ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ያለ ሠዓሊው ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን እንደሚከለክል፣ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። አዋጁን የምናከብረው በትዕግሥት ነው፤ ሠዓሊው በሕይወት ሳለ መብቱን ስላላስቸገርነው፣ ልጆቹ ሳይነካ ይረከቡታል።

አንዳንድ ነቃፊዎች ይህን ዝርፊያ ሊሉት ይቃጣቸዋል። ታሪክ ስለማያውቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግርዮል የፈረንሳይ ጥናት ቡድን ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕል ከግድግዳው ልጦ ወደ ፓሪስ ወሰደው፤ በቦታውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣለውን ቅጂ ተካበት። ዋናው እስከ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። ፈረንጆቹ ዋናውን ወስደው ቅጂውን ተዉልን፤ እኛ ዋናውን ለባለቤቱ ትተን ቅጂውን ብቻ እንወስዳለን። ሥልጣኔ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የፈረንጅ ነገር ከተነሣ፣ ከአውደ ርዕዩ ሥዕሎች አንዷ ብቻ ተሸጣለች፤ የገዛትም አንድ ቱሪስት ነው። የዛፉን ጣቶች ሥዕል ዋጋውን ሳይከራከር ከፍሎ፣ ከፍሬሟ አውጥቶ፣ በካርቶን ቱቦ ጠቅልሎ ሄደ። ወሬው ሲሰማ የከተማው ቁጭት የሚያስደንቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ሥዕል ፊት ፎቶ ሲነሡ የሰነበቱት ሁሉ፣ ጥበባችን እንዴት ለባዕድ ይሸጣል ብለው በፌስቡክ ጮኹ፤ ሠዓሊውንም ለገንዘብ ሲል ቅርስ አሳልፎ የሰጠ ብለው ወረፉት። አንዱ ቅን አሳቢማ፣ ቀድሞ ቢነግረው ኖሮ በግማሽ ዋጋ፣ ያውም በዱቤ፣ ለአገር ያስቀርለት እንደነበር ጽፎለታል።

የጥንቶቹ የሥዕል ደጋፊዎች ከእኛ ጋር ሲነጻጸሩ ያሳዝናሉ። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት ላይ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች ንግሥት ሆና ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ የምትታየው ከእመቤታችን እግር ሥር ተዘርግታ ሰግዳ ነው። ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ ግርጌ መተኛት! የዛሬው ወዳጅ ሳንቲም ሳያወጣ፣ «እኔን በነጭ ፈረስ ላይ፣ ከመሃል፣ ሆዴን ትንሽ ቀነስ አድርገህ» ብሎ የስልክ ፎቶውን ይልካል፤ ሁለተኛው ቀን ላይም ለምን እንደዘገየ ይቆጣል።

አውደ ርዕዩ የተዘጋው በክብር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዳው የሚያበረክተው ስጦታ ፈልጎ፣ የሚራመደውን ግንብ ሥዕል በደብዳቤ ጠየቀ፤ ደብዳቤው ሠዓሊው ለከተማው ያለውን ፍቅር የሚያሳይበት መልካም አጋጣሚ መሆኑን ገልጾ፣ በጀት አለመያዙን በሁለተኛው አንቀጽ ያስታውሳል። በመዝጊያው ዕለት ሥዕሉ ለእንግዳው ተሰጠ፤ ንግግር ተደረገ፤ ተጨበጨበ። ለሠዓሊውም በወርቃማ ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተበረከተለት። የምስክር ወረቀቱን ያተመው ማተሚያ ቤትና ፍሬሙን የሠራው አናጢ ግን ከጥበብ ፍቅር ጋር እምብዛም የማይተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሒሳባቸውን በዕለቱ በደረሰኝ ተቀብለዋል።