333 ለ331

በእድር ስብሰባ ክርክር ሲጋል አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እስቲ ጸጥታ!» ይላሉ። ጸጥታው የሚመጣው ግን ቡናው ሲደርስ ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖችም (በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚመሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው) ቡና አላጡም፤ የሚተማመኑት ግን በስብሰባ ደንብ ነው። ለነገሩ አሜሪካ ስብሰባ የምትመራበትን ዝነኛ ደንብ የጻፈው የጦር መሐንዲስ ሄንሪ ሮበርት ነገሩን ማጥናት የጀመረው፣ ኒው ቤድፎርድ ላይ የአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተብሎ ጉባኤው ከእጁ ካመለጠ በኋላ ነው። መጽሐፉ በ1876 ወጣ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ጥፋቱም መድኃኒቱም ከቤተ ክርስቲያን ወጡ ማለት ነው።

የፕሬስቢቴሪያኖቹ ጠብ ስለ አክሲዮን ነበር። እስራኤል በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶች ምርቶቻቸው ይሠራባቸዋል የተባሉ ሦስት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ካተርፒላር፣ ሂውሌት ፓካርድና ሞቶሮላ ሶሉሽንስ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ድርሻዋን ትሽጥ ወይስ ትያዝ? ነገሩ ከተነሣበት ከ2004 እስከ ውሳኔው አሥር ዓመት ፈጀ።

ጉዳዩን የሚቆርጠው በየሁለት ዓመቱ የሚቀመጠው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ «ኮሚሽነር» ይባላሉ። የፖሊስ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሾቹ ፓስተሮች፣ ግማሾቹ የአጥቢያ ሽማግሌዎች ናቸው። የላካቸው ክፍል «እንዲህ ብላችሁ ድምፅ ስጡ» ሊላቸው አይችልም፤ የመንፈስን ምሪት ተከትለው ይወስናሉ። በ2012 ፒትስበርግ ላይ ታዲያ መንፈስ ለግማሹ አንድ፣ ለግማሹ ሌላ ሳይነግር አልቀረም።

ጉዳዩን ያየው የጉባኤው ኮሚቴ «ይሸጥ» አለ። በኮሚቴ የተሸነፉት አርፈው አይቀመጡም፤ የራሳቸውን ሪፖርት ይዘው ተለዋጭ ሐሳብ ያቀርባሉ፦ «አይሸጥ፤ ይልቅ ለሰላም በሚበጅ ሥራ ገንዘብ እናውል»። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ዋናው ሐሳብ በማሻሻያ ይጠራል፣ እንደ ጠጅ። ቀጥሎ ተለዋጩ ይጠራል። ከዚያ «ተለዋጩ ዋናውን ይተካ?» ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። ከተካ፣ ተለዋጩ ዋና ሆነና እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። በዚህ መሀል አንዱ ማይክሮፎን ይዞ «ሰብሳቢ፣ አዎ ካልኩ እምቢ ማለቴ ነው?» ይላል። ሰብሳቢው ያብራራል። በማብራሪያው ሌሎች ሦስት ሰዎች ይጠፋሉ።

ኮሚሽነሮቹ ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት የወጣቶች ተወካዮች የምክር ድምፅ ይሰጣሉ። ይታያል፣ አይቆጠርም፤ ከቤታችን ልጆች አስተያየት ጋር አንድ ነው። ክርክሩ ይዘጋ ለማለት ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ክርክር ስለ መዝጋት መከራከር ግን ክልክል ነው። ይህቺን ደንብ ለእድራችን በተዋስናት!

ተለዋጩ ዋናውን ይተካ ያሉ 333፣ አይተካ ያሉ 331፣ ድምፀ ተአቅቦ 2። እኩል ድምፅ ሐሳቡን ይጥላል። ሁለቱ ከ331ዱ ጋር ቢሰለፉ ኖሮ 333 ለ333 ሆኖ ተለዋጩ ይወድቅ ነበር። የአሥር ዓመቱን ነገር በዚያ ምሽት ያስቀየሱት እንግዲህ «የለሁበትም» ያሉት ሁለቱ ናቸው።

በ2014 ዲትሮይት ላይ 310 ለ303 ተገለበጠና ይሸጥ ተባለ። የሚሸጠው 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በቢሊዮን ለሚቆጥሩት ኩባንያዎች የሻይ ሒሳብ። የውሳኔው ቃል ግን ተራ ሻጭ የሚጽፈው አልነበረም። የእስራኤል የመኖር መብት ገባበት፣ የሁለት መንግሥታት መፍትሔ ገባበት፤ ሽያጩም ከእስራኤል መንግሥት ገንዘብ ማውጣት ተደርጎ እንዳይተረጎም፣ እስራኤልን ለማዕቀብ ከሚቀሰቅሰው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ጋር መወገን ተደርጎም እንዳይታይ ተጻፈ። እንዳይተረጎም የተባለ ነገር ዕጣው ይታወቃል፤ ሰው መጀመሪያ የሚተረጉመው እሱን ነው።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ የአጥቢያው ፓስተር ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የቡና ሲኒ እንደያዙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ይጠይቁታል፤ «ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያናችን ከማን ወገን ሆነች?»

ፓስተሩ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «መጀመሪያ፣ ዋናው ሐሳብ ይጠራል...»