«ይገባል» ማለት ምን ማለት ነው?

ኧረ በናታችሁ! ሰው ሞተር ለመምረጥ ሦስት ወር ይጨነቃል። ኮምፕሬሽን ያስለካል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቆ እንደሆነ ብሎ ራዲያተሩ ላይ አፍጥጦ አረፋ ይጠብቃል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ሲደርስ ግን «የትኛው ይረክሳል?» ብሎ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ሻጩም ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ይገባል»። ዝሆንም እኮ በሩን ካፈረሱለት ይገባል!

በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ አሮጌውን ማደስ ብሷል። የቤንዚን ቪ6 ፎርራነር ወይም ፕራዶ ያለው ሁሉ ባለ 3 ሊትሩን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ 1ኬዜድን፣ ማስገባት ያምረዋል፤ ኦቶማቲኩንም በዚያው በማንዋል ልቀይር ይላል። ይቀይር። ግን የሚገዛው ካምቢዮ ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። 5ቪዜድ የሚባለው የቪ6ቱ ሞተር የመጠምዘዝ ጉልበቱ 298 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ የሚያገኘውም በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ነው። ናፍጣው 1ኬዜድ-ቲኢ እንደ ዓይነቱ እስከ 343 ይደርሳል፣ ያውም 2,000 ዙር አካባቢ። ቪ6ቱ በአንድ ዙር ሦስቴ በለስላሳው ይገፋል፤ ናፍጣው ሁለቴ በመዶሻ ይመታል። ከአሮጌ ሃይሉክስ ደካማ ናፍጣ፣ ከ2ኤል፣ የወጣ የጂ ቤተሰብ ካምቢዮ ከዚህ ጀርባ አስገብቶ «ኩሽኔታው ለምን ጮኸ?» ማለት ምን ይባላል?

መፈለግ ያለበት የአር ቤተሰብ ነው፦ አር150ኤፍ ወይም አር151ኤፍ። እዚህ ጋ ነው ደም የሚያፈላው። ሁለቱ በውጭ መልካቸው አንድ ነው፣ ሻጩም «አንድ ነው» ይላል። አይደለም! 3ኛ (1.436)፣ 4ኛ (1.000) እና 5ኛ (0.838) ማርሻቸው እኩል ነው (ቁጥሩ የኋላው ዘንግ አንዴ እስኪዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር ነው)። ልዩነቱ ታች ነው፦ አር150ኤፍ 1ኛው 3.830፣ 2ኛው 2.062፤ አር151ኤፍ 1ኛው 4.313፣ 2ኛው 2.330። «በነጥብ ልዩነት ምን አመጣህ?» የሚል ሰው ሰባት ሰው ጭኖ እንጦጦ ዳገት መሀል ቆሞ ይነሳ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦው እስኪነቃ ድረስ 1ኬዜድ ራሱን የደከመው ተራ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ነው። የ150ው 1ኛ ማርሽ ረጅም ስለሆነ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚነሳው፣ የፍሪሲዮኑ ሸራም ተቃጥሎ ይሸታል። 151ዱ በዚያው ዙር 12 በመቶ በላይ ተጨማሪ መጎተቻ ይሰጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድም አጭሩ 2ኛ ማርሽ መኪናውን ይይዛል፣ ፍሬኑ ይተርፋል።

እንዴት ይለያል? ስም አትጠይቁ፣ ቁጠሩ። ካምቢዮው መሬት ላይ እያለ 1ኛ ማርሽ አስገቡ፤ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው) ተያይዞ ከሆነ ከባዱ ማርሽ ላይ ሳይሆን ተራው ላይ ይሁን። የፊተኛውን ዘንግ በኖራ ምልክት አድርጋችሁ የኋላው ሦስት ሙሉ ዙር እስኪዞር አዙሩት። ፊተኛው 13 ዙር ከሞላ 151 ነው፤ 11 ተኩል ላይ ካለቀ 150 ነው። ይህችን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ጋ ምን ታደርጋላችሁ?

ደግሞ «አስፋልት ላይ እንዳይጮህብኝ» ብሎ 150ውን የሚመርጥ አለ። ወዳጄ፣ 5ኛው እኩል ነው ተባልክ እኮ! የአስፋልቱን ዙር የሚወስነው ኮሮና ፒኞው፣ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ያለው ጥርስ፣ ነው። ጎማው 265/70 ባለ 16 ከሆነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ4.10 ኮሮና ፒኞ ሞተሩ በደቂቃ 2,350 ዙር ገደማ ላይ ነው፤ በ4.88 ወደ 2,800 ይወጣል። መቀየር ካለበት የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ ፎር ዊል የገባ ዕለት ትራንስፈሩ ይበላል።

የጋራዡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሞተሩ ከኦቶማቲክ መኪና የወጣ ከሆነ በክራንኩ ጫፍ የካምቢዮውን ዘንግ አፍንጫ የምትይዘው ትንሽዬ ኩሽኔታ ላትኖር ትችላለች። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም፤ ተረስታ ሲገጠም ግን ዘንጉ ይዋልላል፣ ማርሽ አልገባ ይላል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ የጉልበት ሒሳብ ሁለቴ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘው የፊት ቤት ከ1ኬዜዱ ጋር አብሮ ይገዛ። ቶርኖ ቤት ፕሌት አስቆርጦ ማጣበቅ የመጨረሻ አማራጭ ነው፦ ፕሌቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታም ቦታውን ይስታል። የሞተሩና የካምቢዮው ማዕከል ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ከተሳሳተ የፊተኛው ኩሽኔታ ይለቅሳል። በቡሎን ጥብቀት አይስተካከልም፤ ቦታውን የሚይዙት ስፒኖቹ (ሁለቱን አካል የሚያገጣጥሙት ትናንሽ ፒኖች) ናቸው። ሸራውን ደግሞ ከመገጠሙ በፊት ዘንጉ ላይ በእጅ አስገብታችሁ ሞክሩት።

ፔዳሉ፣ የፍሪሲዮን ፓምፑ፣ ወደ ኋላ ማርሽ መብራቱ፣ ሊብሬው ላይ የሚቀየረው የሞተር ቁጥር... ይህን ሁሉ ዋጋ ሲነገራችሁ ማን ያነሳል? የካምቢዮ ርዝመት ስለሚለያይ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደው ዘንግ ማጠር ወይም መርዘም ሊኖርበት ይችላል። በዓይን ግምት በይዶ «ሂድ» የሚል አለ፣ ያለ ባላንስ! ከዚያ 80 ላይ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ «ናፍጣ ነዋ፣ ተፈጥሮው ነው» ይላችኋል። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) አውርዱት፣ መኪናው በራሱ ይንከባለል። መንቀጥቀጡ ካልቆመ ሞተሩን ተዉትና ዘንጉን አስፈቱ።