ለጎረቤት የሚጣደው ሌላ ድስት

የምግብ ፌስቲቫል በተዘጋጀ ቁጥር ከመድረኩ የማይጠፋ አባባል አለ፦ «ምግብ ሕዝብን ከሕዝብ ያገናኛል»። ከዚያ ትንሽ ሱሺ፣ ትንሽ ፒዛ፣ ትንሽ ዶሮ ወጥ ይቀመስና ፎቶ ተነሥተን እንሄዳለን። ክፋት የለውም። ግን እኛ አገር ምግብ ማገናኘት ብቻ ሳይሆን መለየትም ያውቅበታል። ይህን ዘሎ ማለፍ ሽንገላ ይመስለኛል።

ሥጋን እንይ። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ብሎ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም። ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደውንም ክርስቲያኑ አይነካም። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መስቀል ወይም ጨረቃ መኖሩን ነው። አብሮ ያደገ፣ አብሮ የተማረ፣ በአንድ ዕቁብና ዕድር ያለ ጓደኛ እንኳ ክትፎ ሲመጣ ይለያል።

ታዲያ ሠርግ ሲደገስስ? እዚህ ላይ ነው የሕዝባችን ብልሃት የሚታየው። ክርስቲያኑ ደጋሽ በግ ወይም በሬ ገዝቶ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። አራጁ ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዎቹም ሙስሊሞች። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሰሃኑ ሁሉ ለብቻው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሙስሊም ቤት ነው የሚመጣው። ደጋሹ በራሱ ብር ከተሠራው ወጥ አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። ጨው ይነሰው ይብዛው አያውቅም። ሙስሊሙ ሲድርም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ለየብቻ መብላት ነው። ልክ ነው፣ ለየብቻ ነው። ግን እንግዳዬ ጦሙን እንዳይመለስ ብሎ የማይቀምሱትን ምግብ በገዛ ግቢ ማሠራት ከአንድ ትሪ ከመጉረስ ያነሰ ቅርበት ነው? እኔ ይበልጣል ባይ ነኝ። አብሮ ለመጉረስ እኮ መራብ ብቻ ይበቃል።

የሚገርመው፣ ያለ ብዙ ጣጣ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚያስቀምጠን የጾም ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾምና ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ያ ሁሉ ቀን ሽሮን፣ ምስርን፣ ጎመንን፣ ስልጆን አጣፈጠልን። እርድ ስለሌለበት ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ፕሮቴስታንቱም። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ቪጋን አሜሪካዊ በየዓይነቱን ሲያጣጥም የሚበላው ይህንኑ ነው፤ ለእሱ ብሎ ያሰበው ግን ማንም አልነበረም።

ድንበሩም ቢሆን ባለበት አይቆምም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለብዙው ደገኛ ክርስቲያን ቡና የሙስሊም መጠጥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም አትወደውም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸው ነገሩን እንዳለዘበው ይነገራል። ዛሬ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ሃይማኖቱን ማን ይጠይቃል?

እኔን የሚያሳስበኝ የአሁኑ ድግስ ነው። ደጋሹ ለኬተሪንግ ከፍሎ ይገላገላል። አንድ ጥግ ላይ «የሙስሊም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ማን አረደው? በምን ድስት ተሠራ? ብትጠይቁ አስተናጋጁም አያውቅም። እንግዳው ያምን የነበረው የሚያውቀውን አራጅና የሚያውቃትን ወጥ ሠሪ እንጂ ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ ሰላጣና ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል፤ ደጋሹም «ምነው አልበላህም?» ይለዋል።

ለመሥሪያ ቤቶች መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከተጠራጠራችሁ በየዓይነቱ እዘዙ። ሠርግ የምትደግሱ ግን ከኬተሪንጉ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት አንድ ሙስሊም ጎረቤት አማክሩ። በጉ የት ይታረድ፣ ማን ይሥራው፣ እሱ ይጨርሰዋል። ክርስቲያን ወዳጆቹን የሚጠራ ሙስሊም ደጋሽም እንዲሁ ያድርግ፤ ቀኑ ዓርብ ከዋለ ደግሞ ሽሮ ይጨምር።