ጠይቆ ጥቁር ገጽ መቀበል

የጉምሩክ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው ይባላል። እስቲ ጠይቁ! «ስለ ጎማ ያላችሁን ሰነድ ሁሉ» ካላችሁ «ጥያቄው ሰፊ ነው» ተብሎ ይመለሳል። እሺ፣ አጥብባችሁ ጻፉ፦ የታሪፍ ቁጥር 4011.10 (የመኪና ጎማ ለቀረጥ የሚመደብበት ኮድ)፣ ከዚህ ወር እስከዚያ ወር፣ የገባበት በር፣ የስሪት አገር፣ የተጣራ ክብደት፣ ለቀረጥ የተያዘው ዋጋ። ያኔ ደግሞ «የንግድ ምስጢር» ይመዘዛል።

ምስጢር የለም አይባልም። የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት አንቀጽ 10 ለትመና በምስጢር የተሰጠ መረጃ ያለ ሰጪው ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ግን የአስመጪውን ስምና ኢንቮይሱን መሸፈን ሌላ፣ ዲክላራሲዮኑን (ስለ ዕቃው ለጉምሩክ የሚሞላውን ቅጽ) ከላይ እስከ ታች ማጥቆር ሌላ! የታሪፍ ቁጥሩ ምኑ ነው ምስጢር? እምቢታውንም በቃል ነው የሚነግሯችሁ፤ አንቀጽ የተጠቀሰበት ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ በምን ይግባኝ ይባላል?

ቢሰጧችሁስ? ከሲስተሙ በቀጥታ በኤክሴል ሊወጣ የሚችለው ሠንጠረዥ ታትሞ፣ መልሶ ስካን ተደርጎ፣ ተንጋዶ ይላካል። አይደመር፣ አይፈለግ። ማመልከቻው ላይ «ሊደመር በሚችል ፋይል» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋስትና ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የታሪፍ ምደባ ቅድመ ውሳኔዎች ነገር ነው፤ ዕቃው ከመግባቱ በፊት በየትኛው ቁጥር እንደሚመደብ ጉምሩክ ለጠያቂው የሚሰጣቸው ውሳኔዎች ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት አንቀጽ 3 ለሌሎች የሚጠቅሙትን ይፋ ለማድረግ ጥረት ይደረግ ይላል እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት በር ሲገባ በሁለት ቁጥር ቢቀረጥ በምን ይታወቃል?