ፓይ የአደባባይ ምስጢር ነው

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የመልእክት መላላኪያ አፕ ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። መልእክታችሁን በፓይ አሃዞች እንቆልፋለን ይላል፤ ፓይ ያ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚመጣው 3.14159… ነው። ፓይ ማለቂያ ስለሌለው ማንም አይፈታውም ይላል። ደግሞ ከሥሩ ያለው ጭብጨባ!

ማለቂያ ስለሌለው ማን አያውቀውም አለ? የፓይ አሃዞች በትሪሊዮን የሚቆጠሩት ተሰልተዋል፤ የፈለገ ራሱ ያሰላቸዋል። የሚደበቅ ነገር ካለ አንድ ብቻ ነው፤ ከስንተኛው አሃዝ እንደተጀመረ። ቁልፉ እሱ ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

እስቲ እንሞክረው። መልእክታችሁ በቁጥር ሲጻፍ 472815 ነው እንበል። በእያንዳንዱ አሃዝ ላይ አንድ የፓይ አሃዝ ትደምራላችሁ፤ ከ9 ካለፈ አሥሩን ትጥላላችሁ። ማን ይደርስበታል ብላችሁ ከነጥቡ በኋላ ካለው 762ኛ ቦታ ጀመራችሁ። እዚያ ግን ስድስት 9 ተከታትለው ተደርድረዋል! ውጤቱ 361704 ይሆናል። ከየአሃዙ አንድ አንድ ቀነሳችሁ፣ አለቀ። ይኼንን ሕፃንም ይፈታዋል።

እሺ፣ ዕድላችሁ ጠማማ ሆኖ ነው። እስከ አንድ ሚሊዮን ድረስ ደስ ያላችሁን ሌላ መነሻ ምረጡ። ሰላዩ አይጨነቅም። ከ1 ጀምሮ እየሞከረ ይሄዳል፤ የሚነበብ ነገር ሲወጣለት ያቆማል። ሚሊዮን ሙከራ ለተራ ላፕቶፕ ቁርስም አይሆነው። ቢሊዮንም ያው ነው። ዛሬ አስተማማኝ በሚባለው የ128 ቢት ልክ (128 ሁለቶች ሲባዙ የሚመጣውን ያህል ቁልፍ ሰላዩን በሚያስሞክረው) ለመቆለፍ መነሻው ራሱ 39 አሃዝ ያህል የሚረዝም ቁጥር መሆን አለበት። እስካሁን የተሰላው ፓይ የሚያልቅበት ቦታ ግን በ15 አሃዝ ይጻፋል። ስለዚህ ወይ ሰላዩ ያገኛችኋል፣ ወይ እናንተም ቦታው አትደርሱም። ማለቂያ የለውም ያሉን ሰዎች ይህን ነገሩን?

የአፑ ደጋፊዎች «ብሎውፊሽም እኮ ፓይን ይጠቀማል» የሚል መልስ ሲሰጡም አይቻለሁ። ብሎውፊሽ የታወቀ የመቆለፊያ ዘዴ ነው። እውነት ነው፣ ይጠቀማል። የምስጢር አጻጻፍ ባለሙያው ብሩስ ሽናየር በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው የመነሻ ሠንጠረዦቹን በፓይ አሃዞች ሞልቷቸዋል። ግን ለመደበቅ አይደለም፤ ለመታየት ነው! ቁጥሮቹን ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ቦታ የወሰደው የጓሮ በር (እሱ ብቻ የሚያውቀው ስውር መፍቻ) አበጅቷል ተብሎ እንዳይጠረጠር ነው። የብሎውፊሽ ቁልፍ ሌላ ነው፤ ተጠቃሚው ለብቻው የሚይዘው፣ እስከ 448 ቢት የሚረዝም። የዚህኛው አፕ ቁልፍ ስንት ቢት ነው? ማስታወቂያው ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም።