ከካርቶኑ ውስጥ ያሉት ዲስኮች

በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ወጣ። ርዕሱ በእኛ አፍ «ሁሉን ማግኘት አንችልም» እንደ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሲሲል ቢ ዴሚል ነበር። ጂም የሚባል ሀብታም ቻሪቲን ይወዳታል፤ እሷ ግን ባለትዳር ናት። ባሏ ከሌላ ሴት ጋር መወሸሙን ስትደርስበት ፍቺ ጠየቀች። ያን ጊዜ ደግሞ ጂም የፊልም ተዋናይ አግብቷል። ተዋናይቱም በተራዋ አንድ እንግሊዛዊ አብራሪ ወደደች። አይ ትዳር!

ፊልሙን ዛሬ ማየት አይቻልም፤ ጠፍቷል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት 11 ሺህ ገደማ ረጃጅም የአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶው የሉም። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አሮጌው ዋጋ አጣ። ፊልሙ የሚሠራበት ናይትሬት የሚባለው ጥሬ ዕቃም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በ1937 ኒው ጀርሲ የነበረው የፎክስ ፊልም ኩባንያ መጋዘን እንዳለ ነደደ። ፊልሙ ውስጥ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሆን ተብሎ የቀለጠም አለ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኜ በአሜሪካኖቹ የምቀናው ከዚያ በኋላ በሠሩት ነው። የጠፋባቸውን ቆጥረው ያውቁታል፤ ፍለጋውንም አልተዉም። በ2010 ኒውዚላንድ ውስጥ 75 ያህል የአሜሪካ ፊልሞች ተገኙ፤ ጠፋ የተባለ የዕውቁ ዳይሬክተር የጆን ፎርድ ሥራ ጭምር። በዚያው ዓመት ሩሲያ የ10 ፊልሞችን ቅጂ ሰጠች። አገር ቤት ያለው ሲጠፋ፣ ለገበያ ባሕር ተሻግሮ የቀረው ተረፈ ማለት ነው።

ይኼ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በሚሊኒየሙ አካባቢ ሲኒማ ቤቶቻችንን የሞሉት የአማርኛ ፊልሞች በቪሲዲና በዲቪዲ ተቀድተው እዚህም ደርሰዋል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን ይሸጧቸው ነበር። አብዛኞቹ የፍቅርና የትዳር ታሪኮች ናቸው። ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ፣ የተጣላ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚታረቅ፣ የዚያን ጊዜ ወጣት እንዴት እንደሚያወራ እዚያ ውስጥ አለ። ከመፍረሳቸው በፊት የነበሩት ፒያሳና ካዛንቺስም አሉ። «ዩቲዩብ ላይ አለ» እንላለን። ቻናሉ የተዘጋ ቀንስ?

ማጫወቻው ስለሌለ ቤት ስንቀይር ዲስኮቹን ከቆሻሻ ጋር እናወጣቸዋለን። እባካችሁ አትጣሏቸው። ከአገር ቤት የጠፋው ኮፒ የእናንተ ቤዝመንት ውስጥ ያለው ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የፕሮዲዩሰሩና የተዋንያኑ ስም እዚያ ላይ አለ። የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን ዝርዝሩን ቢሰበስቡና አገር ቤት ላለው የመንግሥት ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ቢልኩ፣ አገር ቤት ምን እንዳለ ምን እንደሌለ ማመሳከር ይቻላል። ባለመብቶቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ አሁን ልንጠይቃቸው እንችላለን።