«እኛም ጋ አለ» ለምትሉኝ የደብረ ብርሃን ሰዎች

ሄጄ ስላየኋቸው የፖርቱጋል ደሴቶች፣ ስለ አዞረስ፣ አንድ ነገር አንሥቼ ሳልጨርስ «እሱማ እኛም ጋ አለ» ያላለኝ ሰው በደብረ ብርሃን ከተማ የቀረ አይመስለኝም። ጭጋጉን ስነግራቸው «ጣርማበር ላይ ሞልቶ የለም ወይ?» ይላሉ፤ ገደሉን ስነግራቸው አንኮበርን ይጠሩልኛል፤ ላሞቹንና ለምለሙን ሣር ሳነሣ ደግሞ የተሰደቡ ያህል ፊታቸው ይቀየራል። ቡና የጠሩኝ ጎረቤታችን እትዬ እንኳ «ልጄ፣ ጭጋግ ለማየት ነው ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስከው?» ብለውኛል። ገንዘቡን ያወጣችው ሊዝበን የምትኖረው እኅቴ መሆኗን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ወሬው ግን ወደ ጤፍ ዋጋ ዞሮ ነበር።

ለመሆኑ ያ አገር ምንድን ነው? ከፖርቱጋል ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ 9 ደሴቶች ናቸው። የሰሜን አሜሪካ፣ የዩሬዢያና የአፍሪካ የመሬት ቅርፊቶች የሚገናኙት በዚያ አካባቢ ስለሆነ ምድሩ ዛሬም አልተረጋጋም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ፋያል በተባለው ደሴት ዳርቻ ባሕሩ ፈልቶ፣ አመድና ዐለት እየተፋ 13 ወር ቆየ፤ እርሻውና ቤቱ ከአመድ በታች ቀረ፤ ብዙ ሰውም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በአመድ የተዋጠው የባሕር ፋና ማማ እስከ ዛሬ ግማሽ አካሉ ተቀብሮ ቆሟል፤ ከሥሩም ስለ ፍንዳታው የሚያስረዳ ሙዚየም ተሠርቶለታል።

ከሁሉ በላይ የተቃጠልሁት ግን በምግቡ ጉዳይ ነው። ሳኦ ሚጌል በተባለው ትልቁ ደሴት ላይ ፉርናስ የሚባል ሸለቆ አለ። ከሐይቁ ዳር መሬቱ ራሱ ይጨሳል። የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ቋሊማ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንችና ስኳር ድንች በትልቅ ድስት ይደረደርና በጉድጓድ ይቀበራል፤ ከዚያም ያለ እንጨትና ያለ ከሰል፣ በምድሪቱ ትኩሳት ብቻ 6 ሰዓት ያህል ሲበስል ቆይቶ ለምሳ ይወጣል። ስሙ ኮዚዶ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የምግብ ቤቱ ስም የተጻፈበት ምልክት ይተከላል፤ እንግዳውም ድስቱ ሲወጣ ለማየት ቀድሞ ይሰለፋል። እኔ በአሳማው ምክንያት አልቀመስሁትም (ይህን ስናገር ሁሉም እፎይ ይላል)፤ ነገር ግን በዚያው መንደር ከሚንተከተከው ፍል ውኃ ውስጥ በከረጢት ተነክሮ የተቀቀለ በቆሎ ገዝቼ በላሁ። እሳተ ገሞራ የቀቀለው በቆሎ! ይህን ስናገር ያገኘሁት መልስ «በቆሎማ እኛም ጋ አለ» የሚል ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆናቸው ነው፤ ራሳቸው ከሚያውቁት በላይ ትክክል ናቸው። ሦስት የመሬት ቅርፊቶች የሚለያዩበት አፋር ከእኛ ገደል ግርጌ ነው። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተነባበሩት የእሳተ ገሞራ ዐለቶች አንዱን ክፍል «የጣርማበር መገዘዝ» ብለው በተራሮቻችን ስም ይጠሩታል። በመላው ፖርቱጋል ከፍተኛ የሆነው የፒኮ ተራራ ቁመቱ 2,351 ሜትር ነው፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቡና የምትጠጡባት ደብረ ብርሃን ከእሱ በላይ ናት። በመንዝ ያለው የሣር ምድራችን ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በየትኛውም የአዞረስ ደሴት የሉም። እንግዲህ አለን። ታዲያ ካለን፣ ይህን ከሚሉኝ ሰዎች ጓሳን በዓይኑ ያየው ለምን በጣት የሚቆጠር ሆነ?

እነዚያ ሰዎች ጭጋጋቸውን ሲያስተዳድሩት አይቻለሁ። ሴቴ ሲዳዴስ የሚባሉት፣ አንዱ ሰማያዊ ሌላው አረንጓዴ መስለው የሚታዩት መንትያ ሐይቆች ብዙ ጊዜ በደመና ስለሚሸፈኑ፣ በየመመልከቻው ቦታ ካሜራ ተተክሎ ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት በስልኩ ከፍቶ «ዛሬ ይታያል ወይስ አይታይም?» የሚለውን ያረጋግጣል። ፒኮን የሚወጣ ሰው ከተራራው ወገብ ላይ ባለው ቤት ተመዝግቦ፣ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ ተቀብሎ፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን ምሰሶዎች እየተከተለ ነው የሚወጣው። በእኛ በኩል ግን በጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ስትጠይቁ መልሱ «ሲሞላ» ነው። ሳይሞላ ረፋዱ ያልፋል፤ ሲሞላም ከወንበሩ በላይ ይሞላል፤ ጓሳ ስትደርሱም ጭጋጉ ወርዶ እጃችሁን እንኳ ማየት ይሳናችኋል። የጸጥታውን ነገር አላነሣም፤ እሱ ከእኔም ከእናንተም አቅም በላይ ነው። የመጸዳጃ ቤትና የመንገድ ምልክት ጉዳይ ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

የመንዝን ገበሬ በዚህ ወቀሳ ውስጥ አላስገባውም። እሱ የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ነባር ሥርዓት፣ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለል እየወሰነ፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ጠብቆ ያቆየ ሰው ነው። ለእንግዳ ማረፊያም ማኅበረሰቡ አዘጋጅቷል። ወቀሳዬ ከተማ ተቀምጠን ስሙን እየጠራን ለምንኮራበት ለእኛ ነው።

ምግቡንም እንዲሁ አድርገነዋል። አዞረሶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1883 ጀምሮ የሚሠራ የሻይ እርሻቸውን ለእንግዳ ከፍተው ያስጎበኛሉ፤ የሳኦ ዦርዥ ደሴት አይብ በየሄድህበት ይቀርብልሃል፤ የበላኸው ከየት እንደ መጣ ሳታውቅ አትነሣም። እኔ በገብስ አገር፣ በዚሁ በከተማችን፣ አንድ ሆቴል ገብቼ በሶ ብጠይቅ አስተናጋጇ «በሶ ከየት ይመጣል ጋሼ? ፓስታ አለ፣ እንቁላል ፍርፍር አለ» አለችኝ። ቅንጬም አልነበረም። የመንዝ በግ ጥብስ ይገኛል፤ ነገር ግን የመንዝ መሆኑን የሚነግርህ የለም፤ ብትጠይቅም ተጠራጥረህ የጠየቅህ ይመስላቸዋል። አረቄያችን ብቻ ነው በስሙ የሚጠራው፤ እሱንም ቢሆን እንዴት እንደሚወጣ ለእንግዳ የሚያሳይ ቤት አላየሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በአደባባይ «ጭጋግ ለማየት!» እያሉ የሳቁብኝ ሰዎች ማታ ማታ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። ቪዛው እንዴት ተገኘ፣ የባንክ ደብተር ስንት ሊኖረው ይገባል፣ እኅትህ ለእኔም የግብዣ ደብዳቤ ትጽፍልኝ ይሆን? ለሁሉም በትሕትና መልሻለሁ። ቪዛ ስለማያስፈልገው ጓሳ ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለማንኛውም መንገዱ የሚገነጠለው ከጣርማበር ነው።